በፍሎሪንዳ በኩል ያለው መስታወት

ኮቱይ፣ ማርች 9፣ 1995

ለወንድሜ ልጅ ለኦዳሊስ፤

እግዚአብሔር ይባርክሽ፤ ድንግል ባለሽበት ባሕር ማዶ ትጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ግን ጉልበቱን ስላመመው የሞተ ሰው አላውቅም። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ኔሪስ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ንግግሬን እንዳታሳምረው አስጠንቅቄያታለሁ።

የላክሽልን መኪና ከመርከብ ወርዳ እዚህ የገባች ቀን ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አያት። ነጭ ናት፣ ረጅም ናት፣ ድምጿም እንደ ጠገበች ድመት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሊቦሪዮ ምላጩን እንደያዘ ወጥቶ፣ «ዶን ሴቬሪኖ፣ ከእንግዲህ ሰላም የምትለን በመስኮት ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ያውም ቁልፍ ተጭኜ!» አልኩትና ተጫንኩ። መስታወቱ ብቻውን ወረደ። ያን ቀን ይሠራ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። በፍሎሪንዳ በኩል ያለው የፊት መስታወት ወርዶ አልወጣም ብሏል። የላ ቬጋን መንገድ ታውቂዋለሽ። ሚስቴን ለደረቷ ሕክምና በየወሩ ሆስፒታል የምወስዳት በእሱ ነው። በሩዝ ወፍጮው በኩል ስናልፍ ገለባ ያቃጥላሉ፤ ቀጥሎ ደግሞ አስፋልቱ ያለቀበት አለ፣ የጭነት መኪና ከፊትሽ ከሄደ ከአቧራው አገሩ አይታይም። እዚያ መስታወቱ መዘጋት አለበት። ከዚያ ሲያልፉ መከፈት አለበት፣ ምክንያቱም የመኪናዋ ማቀዝቀዣ ገና ከመርከብ ስትወርድ አይሠራም ነበር፤ ዘግተን ከሄድን ሙቀቱ ያፍናታል። ይህ ብቻ ነው ከመኪናዋ የምፈልገው። ሲዘጋ ይዘጋ፣ ሲከፈት ይከፈት።

መካኒኩን ቺቾን ጠራሁት። ጆሮውን በሩ ላይ አስጠግቶ ሰማና፣ «ዶን ሴቬ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል» አለኝ።

«ሞተሩማ ይኸው ይሠራል! ደንቁረሃል?»

«የመኪናው አላልኩም፣ የመስታወቱ።»

«መስታወት ሞተር አለው?»

«እያንዳንዱ በር የራሱ አለው።»

አራት ሞተር ለአራት ቁራጭ መስታወት! ይህን ያሰበ ሰው እጅ አልነበረውም እንዴ? ለማንኛውም ሞተሩን ላኪልኝ። ገንዘብ አልጠየቅኩሽም፣ አልጠይቅሽምም። እዚህ ዕቃው ስለሌለ ነው።

መኪናዋን እንደ ዓይኔ ነው የምይዛት። በየቅዳሜው ዩና ወንዝ አወርዳታለሁ፣ እስከ ሆዷ አስገባትና በሮቿን በርግጄ አጥባታለሁ፣ ፍሎሪንዳ የምትቀመጥበት ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት እንዳትቀር። የዚህን ያህል ንጹሕ መኪና ኮቱይ ውስጥ የለም።

ፍሎሪንዳ «መቼ ነው የምትመጣው?» ትላለች።

አጎትሽ ሴቬሪኖ


ማያጉዌዝ፣ ኤፕሪል 2፣ 1995

የተከበሩ አጎቴ፤

በረከትዎን ይስጡኝ። እማማ ፍሎሪንዳም ትባርከኝ፣ ጉልበቷን እስማለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም እዚያው የቱና ፋብሪካ ነኝ፤ የዓሣው ሽታ ከፀጉሬ አይለቅም እንጂ ሥራው መጥፎ አይደለም።

ሞተሩን በነጋዴዋ በራሞና እጅ ልኬያለሁ። በመርከቡ ስትመጣ ከጫማዎቹ ካርቶን ውስጥ ታገኙታላችሁ። እዚህ የማውቀው ዊልፍሬዶ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ፤ አዲስ ነው፣ ዓመታት ያገለግላል ብሎኛል።

አጎቴ፣ ስለ መኪናዋ ብዙ ጻፉልኝ፣ ስለ እማማ ሳል ግን አንድ ቃል የለም። እንዴት እያደረጋት ነው? ሌሊት ትተኛለች? አባቴ ከሞተ ጀምሮ እሷ ደረት ላይ ተኝቼ ነው ያደግኩት፤ ትንፋሿን አውቀዋለሁ። እባክዎ እውነቱን ይጻፉልኝ።

ለገና እመጣ ይሆናል ብላለች በሏት።

ልጅዎ ኦዳሊስ


ኮቱይ፣ ጁን 20፣ 1995

ልጄ ኦዳሊስ፤

እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ፤ በተለይ ሞተር ከሚሸጥ።

ያ «አዲስ» ሞተር ጥቂት ሳምንት ሠራ። ከዚያ አንድ እሑድ ቁልፉን ስጫነው እንደ ታነቀ ዶሮ ጮኸና ዝም አለ። ቺቾ የበሩን ውስጠኛ ሽፋን ገነጠለ፣ ሽቦ አወጣ፣ ሽቦ አስገባ። ሠራ። ቅዳሜ አጠብኳት፣ ሰኞ ቆመ። ፊውዝ ቀየረ፣ ሠራ። እንደገና ቆመ። ቁልፉን ራሱን ቀየረ። አሁን ደግሞ በእኔ በኩል ያለውም ከጓደኛው ተምሮ መንተፋተፍ ጀምሯል። ቺቾን፣ «መኪናዬን ልትፈውስ ነው ወይስ ለምደሃት ነው በየሳምንቱ የምትመጣው?» ብለው፣ «ዶን ሴቬ፣ እኔም ሚስቴ ሌላ ሴት ያዝክ ወይ እያለችኝ ነው» አለኝ።

ሊቦሪዮ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ያየኛል። መስታወቱን በሁለት መዳፌ ጨብጬ ወደ ላይ ስጎትት፣ «ዶን ሴቬሪኖ፣ ላም እያለብክ ነው?» ይለኛል። ፀጉሬን ከእንግዲህ እሱ አይቆርጠውም።

ባለፈው ሳምንት ወፍጮው ጋ ስንደርስ ገለባው ይጨስ ነበር። ቁልፉን ተጫንኩ። ምንም። እየነዳሁ በቀኝ እጄ መስታወቱን ልጎትት ብዬ ልንገለበጥ ነበር። ጭሱ ገባ። ፍሎሪንዳ ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች፣ አልረዳትም። ስታስል ስታስል ጥፍሯ ሰማያዊ ሆነ። ሆስፒታል ስንደርስ በጭንብል አየር ሰጧት፣ እዚያው አደርን። ፍሎሪንዳ ይህን አታጽፍ ብላኛለች። ኔሪስ፣ አትጻፊው።

በሚኒባስ ውሰዳት የሚሉኝ አሉ። ሚስቴን አሥራ ስምንት ሰውና አምስት ዶሮ መሃል አልከታትም። ያንቺን መኪና ይዤ!

የተቃጠለውን ሞተር በራሞና መልሼልሻለሁ። ለዚያ ለዊልፍሬዶ አሳዪውና ዓመታት የሚባለው እሱ አገር ስንት ሳምንት እንደሆነ ጠይቂልኝ። ሌላ ላኪ፣ ጠንካራ የሆነ። ለእኔም በኩል።

ፍሎሪንዳ «ለገና ስንት ወር ቀረው?» ትላለች።

አጎትሽ ሴቬሪኖ


ማያጉዌዝ፣ ጁላይ 16፣ 1995

የተከበሩ አጎቴ፤

በረከትዎን ይስጡኝ። ኔሪስ አትጻፊው ያሏትን ስለጻፈችው እግዚአብሔር ይስጣት። አንብቤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሞተሩን ለዊልፍሬዶ ወሰድኩለት። ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ከውስጡ አሸዋ ፈሰሰ፤ ደቃቅ፣ ጥቁር አሸዋ፣ ከሥሩም ዝገት። «አጎትሽ ይህን መኪና ሰርጓጅ መርከብ ያደርገዋል እንዴ?» አለኝ። ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ወዲያው ዩና ትዝ አለኝ። የዩናን አሸዋ የማላውቀው ይመስልዎታል? በልጅነቴ ከጫማዬ ውስጥ እሱን ነበር የማራግፈው።

አጎቴ፣ አይቆጡኝ። በሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሞተሩ፣ ሽቦው፣ ሁሉም። በሮቹን ከፍተው ወንዝ ውስጥ ሲያቆሟት ውኃው ከነአሸዋው ይገባል፣ መውጫ የለውም። ስንት ሞተር ብልክም ያው ነው። እባክዎ ወንዝ አያስገቧት። በባልዲና በጨርቅ ብቻ ከላይ ከላይ ይጥረጓት።

ሁለት ሞተር ልኬያለሁ። ይህን ካደረጉ ይበቃሉ።

ልጅዎ ኦዳሊስ


ኮቱይ፣ ኦገስት 28፣ 1995

ኦዳሊስ፤

እግዚአብሔር ይባርክሽ።

ጢም ሳላወጣ ጀምሮ ፈረስ ዩና ውስጥ አጥቤያለሁ። የአባትሽንም ፈረስ ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንድም ፈረስ ውኃ ገባብኝ ብሎ መሄድ አቁሞ አያውቅም። ወንዝ ውስጥ ያልታጠበ ነገር ታጠበ አይባልም፤ በጨርቅ የሚጠረግ የምግብ ጠረጴዛ ነው።

ለምን እንደማጥባት መሰለሽ? ለሊቦሪዮ እንድታበራለት? ወንበሩ ሥር፣ ምንጣፉ ሥር፣ በሩ ስንጥቅ ውስጥ አቧራ ይቀመጣል። ስትነሳ ያ አቧራ ይነሳል፣ እሷ ደረት ውስጥ ይገባል። እኔ አቧራውን ከእሷ ሳርቅ አንቺ ከዓሣ ፋብሪካ ሆነሽ ያፈንካት አንተ ነህ ትይኛለሽ። እንደዚያ አላልኩም ትዪ ይሆናል። ኔሪስ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ እንደዚያ ነው ያልሽው።

ሁለቱ ሞተሮች ደርሰዋል። ካርቶናቸው ውስጥ አሉ። ቺቾ አራቱንም መስታወት ወደ ላይ ገፍቶ ከበሩ ውስጥ በእንጨት ሽብልቅ ደግፎልኛል። አሁን አይወርዱም። ጭስም አቧራም አይገባም። ነገሩ አለቀ።

ሞተር አትላኪ። ምንም አትላኪ።

ሴቬሪኖ


ማያጉዌዝ፣ ኦክቶበር 1፣ 1995

የተከበሩ አጎቴ፤

በረከትዎን ይስጡኝ። ያፈኗት እርስዎ ነዎት አላልኩም፣ አልልምም። ይቅር ይበሉኝ። ግን ማቀዝቀዣ የሌላት መኪና አራት መስታወቷ ተዘግቶ በላ ቬጋ ፀሐይ እንዴት ትሄዳለች? እማማስ? እባክዎ ይመልሱልኝ።

ኦዳሊስ


ማያጉዌዝ፣ ኖቬምበር 26፣ 1995

አጎቴ፤

በረከትዎን ይስጡኝ። ራሞና ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ደብዳቤ የለም አለችኝ። ቤታችሁን ስታልፍ መኪናዋ አጥሩ ሥር በሸራ ተሸፍና እንዳየች ነገረችኝ። እማማ ሆስፒታል አትሄድም ማለት ነው? ከፈለጉ ይሳደቡ፣ ግን ይጻፉ። ኔሪስ፣ አንቺም ብትሆኚ ጻፊልኝ።

ለገና መምጣቴ አጠራጣሪ ሆኗል። ለምን እንደሆነ በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ኦዳሊስ


ኮቱይ፣ ጃንዋሪ 8፣ 1996

ልጄ ኦዳሊስ፤

እግዚአብሔር ይባርክሽ። የሦስቱ ነገሥታት፣ የሰብአ ሰገል በዓል በሰላም አለፈልሽ? እዚህ አለፈ እንጂ አልተከበረም።

ዝም ያልኩት ስለተናደድኩ ነበር። ቀጥሎ ንዴቱ ወጣልኝ፣ ዝምታው ግን አብሮኝ ቀረ። ፍሎሪንዳ ደግሞ «በዚያ ሳጥን ውስጥ አልገባም» አለች። መኪናሽን ነው ሳጥን ያለችው። እኔም ሸራ አለበስኳት። ሁለት ቀጠሮ አለፈ።

ከገና በፊት ባለው ሳምንት ግን ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃታት። ትራስ ደራርቤ አስቀመጥኳት፣ ከንፈሯ ተለወጠ። ሸራውን ገፍፌ መኪናዋን አወጣሁ፣ እሷን አስገባኋት። ወፍጮውን ስናልፍ መስታወቱ ተዘግቶ ነበርና፣ «አየሽ? ጭስ የለም» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አስፋልት ላይ ወጣን። ፀሐይዋ በጣሪያው ውስጥ ትገባ ነበር። ትንሽ ቆየችና፣ «ሴቬ፣ አየር» አለችኝ።

ቁልፉን ተጫንኩ። ሽብልቅ እንዳለበት አውቃለሁ፣ አውቄ ነው የተጫንኩት። እጄ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ዳር አቆምኩና በሯን ከፈትኩላት። ተነፈሰች። ትንሽ ቀለም መጣላት። ዘግቼ ነዳሁ። ብዙ ሳንርቅ፣ «አየር» አለች። አቆምኩ፣ ከፈትኩ፣ ተነፈሰች፣ ዘጋሁ፣ ነዳሁ። እንዲህ እያልን ላ ቬጋ አንደርስም። በሩን ከፍቼ እንዳልነዳ ትወድቅብኛለች። ሽብልቁን እንዳላወጣ የበሩ ሽፋን በብሎን የታሰረ ነው፣ መፍቻውም ቺቾ ጋ ነው። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ጡሩንባ ይነፋብኛል። አንዱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ሽማግሌ፣ ብልሽት ነው?» አለኝ። ብልሽት!

ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሳሁ። «ፊትሽን በሻርፕ ሸፍኚ» አልኳት። «ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ። «ሸፍኚ አልኩሽ!» ጮህኩባት። ካገባችኝ ጀምሮ ጮኼባት አላውቅም፣ ወይም ጮኼ ይሆናል፣ ግን እንደዚያ አይደለም። በመጀመሪያው አልተሰበረም። በሁለተኛው ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ረገፈ፤ ቀሚሷ ላይ፣ ጭኗ ላይ፣ እንደ በረዶ። ጣቴ ተቆርጦ ደሙ በነጩ በር ላይ ወረደ። ፍሎሪንዳ ሻርፑን ገለጥ አድርጋ፣ «ያን ሁሉ ካጠብካት በኋላ» አለችኝ።

ነዳሁ። ነፋሱ እየመታት ደረስን።

ስንመለስ ወፍጮው ይሠራ ነበር፤ እርጥብ አንሶላ መስኮቱ ላይ ይዛ አለፍን። እጇ ሲደክም አንሶላው ይወርዳል፣ ጭሱ ይገባል። እኔ እነዳለሁ።

ኦዳሊስ፣ አሸዋው የዩና ነው። ይህን ልነግርሽ ነው የጻፍኩት። አሁን ምን ልጠይቅሽ? ሞተር አልጠይቅሽም። ቁልፍ ያለው ነገር አታሳዪኝ። በእጅ የሚዞር ማንሻ ያለው በር በዚያ አገር ካለ እሱን ላኪልኝ። ከሌለም አንቺ ነይ። ገና አለፈ።

አጎትሽ ሴቬሪኖ


ማያጉዌዝ፣ ጃንዋሪ 30፣ 1996

አጎቴ፤

በረከትዎን ይስጡኝ። ጣትዎ ዳነ?

በሩ ተገኝቷል። ዊልፍሬዶ የአሮጌ መኪና መጣያ ሲያስስ ቆይቶ ከእርስዎ መኪና ጋር አንድ ዓይነት የሆነች፣ ግን ርካሽ ተብላ የተሠራች አገኘ፤ መስታወቷ በእጅ ማንሻ ነው የሚወጣው። በሩን ከነመስታወቱ ነቅሎ ሰጠኝ። አረንጓዴ ነው። ነጭ አልተገኘም፣ አዝናለሁ። ራሞና በብርድ ልብስ ጠቅልላ በመርከቡ ታመጣዋለች። ሞተር የለውም፣ ሽቦ የለውም። ያም ሆኖ ወንዝ አያስገቡት።

ስለ መምጣቴ። በዚያች በትንሽ ጀልባ የተሻገርኩ ጊዜ ቤታችሁ ውስጥ ሻማ አብርታችሁ እንደጠበቃችሁ አውቃለሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ እስከ ዛሬ አላለቀም። ጠበቃው ተጀምሯል ይላል፣ ግን ሳያልቅ ከዚህ ከወጣሽ መመለስ የለም ብሎኛል። መኪናዋን ስልክ፣ ሞተሮቹን ስልክ፣ እኔ ልመጣ ያልቻልኩበትን ነገር ሁሉ በዕቃ የምሞላው መስሎኝ ነበር። ለእማማ አልነገርኳትም። ለገና ስላት ደስ ስለሚላት ነው ለገና የምላት።

አሁን እርስዎ ነይ አሉኝ። ነይ ብለው አያውቁም። ሁልጊዜ ፍሎሪንዳ እንዲህ ትላለች ነው የሚሉት። ስለዚህ ልጠይቅዎ፣ ሐኪሙ ምን አለ? በእውነት የሚያስፈልግ ከሆነ ወረቀቱን ትቼ እመጣለሁ። አንድ ቃል ይበቃኛል።

ኦዳሊስ


ኮቱይ፣ ማርች 3፣ 1996

ልጄ ኦዳሊስ፤

እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ እጅሽን ይባርክ፣ የዚያንም የዊልፍሬዶን እጅ። ስለ እሱ ያልኩትን አንስቻለሁ።

በሩ ደርሶ ተገጥሟል። ቺቾ ብሎኑን ሲያጠብቅ፣ «ዶን ሴቬ፣ ከእንግዲህ አንተ ቤት ምን ብዬ ልምጣ?» አለኝ። «ለመብላት ና» አልኩት። ሊቦሪዮ አረንጓዴውን በር አይቶ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ፍሎሪንዳን ከውስጥ ሲያያት ዘጋው። ቆቡን አወለቀላት። ፀጉሬን እንደገና እሱ ይቆርጠዋል።

መኪናዋን አጥሩ ሥር በባልዲና በጨርቅ ነው የምጠርጋት፣ እንደ ምግብ ጠረጴዛ። ዩናን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን ሄጄ አየዋለሁ።

ሐሙስ ላ ቬጋ ሄድን። ማንሻውን እሷ ናት የምታዞረው። ሁለት ዙር ታዞርና ታርፋለች፣ ሁለት ዙር ታዞርና ታርፋለች። «ተይ እኔ ላዙርልሽ» ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ «አንተ መሪህን ያዝ» አለችኝ። ወፍጮው ገና ከሩቅ ሲታይ ጀመረች። ጭሱ ጋ ስንደርስ ተዘግቶ ነበር። አስፋልቱ ላይ መልሳ አወረደችው፣ ክንዷንም አወጣችና ነፋሱ ላይ አስቀመጠችው። ልጃገረድ ሳለች ከፈረሴ ኋላ ስትቀመጥ እንደዚያ ታደርግ ነበር።

ሐኪሙ እሷን አስቀምጦ እኔን ኮሪደር ጠራኝ። የነገረኝን ኔሪስን አላጽፋትም። ስንመለስ ፍሎሪንዳ ምን እንዳለኝ አልጠየቀችኝም። ወፍጮው ጋ ብቻ መስታወቱን አጋማሽ አድርሳ ክንዷ እንቢ አላት። አቁሜ ወርጄ በእሷ በኩል ዞሬ የቀረውን እኔ አዞርኩት። ያን ጊዜ እጄን አላባረረችም።

ወረቀትሽን ትተሽ አትምጪ። በዚያች ጀልባ ነፍስሽን አሲዘሽ የገዛሽው ነው። እኔ አለሁ፣ በሩ አለ።

ይህን ስናገር ፍሎሪንዳ ከውስጥ ሰማችኝ። «ሴቬ፣ ነይ በላት» አለች። «እንዴት ብላ ትመጣለች?» አልኳት። «ነይ በላት» አለች፣ ሦስተኛ ጊዜ ለማለት ግን ትንፋሽ አጠራት።

ኔሪስ ብዕሯን አንስታ የትኛውን ልጻፍ ብላ ታየኛለች።

ሁለቱንም ጻፊ ብያታለሁ።

አጎትሽ ሴቬሪኖ